ትንሿ ሲኤንሲ ማሽኔ ከ9 ወር በኋላ

3018 የሚሏትን ሲኤንሲ (በኮምፒውተር እየታዘዘች እንጨት የምትቀርፅ ማሽን) ከገዛሁ 9 ወር ሆነኝ፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር እቤት አንዷ ክፍል ውስጥ አስቀምጫት የፋሲል ግንብ ቅርፅ ያለው የቁልፍ መያዣ፣ የስም ሰሌዳ፣ የዋንዛ ትሪ እሰራባታለሁ፣ ሰው ሁሉ ልግዛ ወይ እያለ ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የምትሰራበት ቦታ 30 በ18 ሳንቲሜትር ነው፣ ወደ ላይና ወደ ታች 4 ተኩል ብቻ። ጭንቅላቷ፣ ማለትም መቆጣጠሪያዋ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ እንቅስቃሴዋን የሚያዛት ጂአርቢኤል የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር አሪፍ ነው። ሞተሩ ባንድ ዙር 200 እርምጃ አለው፣ ሞተሩን የሚነዳው ድራይቨር እያንዳንዷን ለ16 ይከፍላታል፣ ሞተሩ የሚያዞረው ብሎን ደግሞ ባንድ ዙር 4 ሚሊ ይገፋል፣ ስለዚህ ለ1 ሚሊ 800 እርምጃ ማለት ነው። ችግሩ ሰውነቷ ነው!

መጀመሪያ የቆረጥኩት ክብ አሁንም አለ። ዋንዛ ላይ 40 ሚሊ ብዬ ያዘዝኳት በካሊፐር ስለካው ባንድ በኩል 40 በሌላው 39.6፣ እንቁላል ሆነብኝ። ሶፍትዌሩን ስነካካ ሁለት ሳምንት አቃጠልኩ፣ በኋላ ማሽኗን አጥፍቼ ቢቱን (መቁረጫውን) በጣቴ ገፋ ሳደርገው እሱን የተሸከመው ድልድይ በሙሉ አብሮ ሲሄድ አየሁት። ጎንና ጎን የያዘው ፕላስቲክ መሳይ ሰሌዳ ይታጠፋል፣ ዳዶውም ብሎኑ ላይ ይላላል። ስፕሪንግ ያለው ዳዶ አስገባሁ፣ ጎኖቹን ቶርኖ ቤት ወስጄ በ10 ሚሊ አልሙኒየም አስቀየርኩ፣ ክቡ 39.95 መጣ። የዛን ቀን ደስታዬን አልረሳውም። ጎረቤታችን ያሉት አናጢ ጋሼ መጥተው ዳሰሱትና "አሁን ገና እጇ ፀና" አሉኝ።

ሌላው መብራት ነው። 3 ሰዓት የሄደ ስራ ላይ ድርግም ሲል ማሽኗ የት እንደነበረች አታውቅም፣ እርምጃ ትቆጥራለች እንጂ ቦታዋን አታይም። ሊሚት ስዊች (ጥግ ስትደርስ የምትነካው ማብሪያ) ገጠምኩላት፣ መብራት ሲመለስ ጥጓ ድረስ ሄዳ ዜሮዋን፣ መነሻ ነጥቧን ታገኛለች እኔም ካቆመችበት ትንሽ ቀደም ካለው መስመር አስጀምራታለሁ። እንጨቱን ብቻ ከሞርሳው እንዳትነቅሉት።

አልሙኒየም ትቆርጣለች፣ ባለ አንድ ጥርስ ቢት ይዛችሁ በያንዳንዱ ምልልስ 0.1 ሚሊ ብቻ ወደ ታች እየወረዳችሁ። ብረት አትሞክሩ። ወይራ ላይ ቢቱ የሚሄድበትን ፍጥነት ለዋንዛ ከምትሰጡት በግማሽ ቀንሱት።

ራሱ ዲዛይን አድርጎ በርካሽ ሊሰራ ያሰበ ካለ ግን እባካችሁ ብሩን ትልቅ ስፒንድል (ቢቱን የሚያሽከረክረው ሞተር) ላይ አታውጡት፣ ፍሬሙ ላይ አውጡት፣ የያዘው ነገር ከተወዛወዘ የስፒንድል ጉልበት ምን ያደርጋል። እኔ ሁለተኛዋን ከወፍራም ቱቦላሬ ጀምሬያለሁ፣ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ስለሚስበው በብሎን ነው የማስረው፣ ማሽኗ የምትንሸራተትበት ሀዲድ የሚያርፍበትን ፊት ደግሞ ፍሬዛ (ብረት የሚያስተካክል ማሽን) ላይ አስደልድዬ።