ለልጄ የሥዕል መምህርት፣ አራት ኪሎ

ሁለት ዓመት ተንከራተን አሁን ገና አረፍን። ትናንሽ ልጆች ያሏችሁ እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። እርሳስ መያዝ ከቻለ ጀምሮ ሥራው ሥዕል ነው። ግድግዳ፣ ደረሰኝ፣ የዳቦ ወረቀት፣ ያገኘው ላይ ይሥላል። ስለዚህ የልጆች ሥዕል የሚያስተምር ቦታ አለ ሲሉኝ ይዤው እሮጥ ነበር።

የመጀመሪያው ቦታ የሦስት ወር ክፍያ አስቀድሞ ተቀበለን። ለልጆቹ የሚሰጠው የታተመ ቢራቢሮ ነው። እሱን ቀለም መቀባት ብቻ። ከመስመር የወጣ ይቆጡታል። የወላጆች ቀን ሲደርስ የልጄ ስም የተጻፈበት የሚያምር የፏፏቴ ሥዕል ተሰቅሎ አየሁ። በደስታ ሳቅፈው ጆሮዬ ላይ "እማዬ፣ እኔ አይደለሁም የሣልኩት፣ ቲቸር ነው" አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ሕፃን ልጅ የሌላ ሰው ሥራ በራሱ ስም ተሰቅሎ ሲያይ ምን ይማራል?

ሁለተኛው ባሰ። እዚያ አንድ ቀን ልጄ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ከለር ደፈነው። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ተበላሽቷል" ተብሎ ተጻፈበት። አስተማሪው ጠራኝና ልጁ እየሰማ "ይሄ ልጅ ችግር አለበት፣ ሐኪም አሳዪው" አለኝ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል ሳንነጋገር ቤት ደረስን። ከዚያ በኋላ ልጄ ለወራት እርሳስ አልነካም።

ወደ እሷ የመራችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መምህርቷ ሕንዳዊት ናት። ባሏ እዚህ ሥራ አግኝቶ ነው የመጡት፣ አሁን አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በሀገሯም ልጆችን ሥዕል ታስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ የተከራዩት ቤት ሳሎን ውስጥ ታስተምራለች። ከስምንት ልጅ በላይ አትቀበልም። አባቴ ሕንዳዊት ናት ስለው ወዲያው "ውሰጂው" አለኝ። እሱን ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተማሩት ሕንዳዊ ነበሩ። ዛሬም ስማቸውን ሲያነሳ ከመቀመጫው ብድግ ሊል ይቃጣዋል።

በመጀመሪያው ቀን ያንን ጥቁር ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ለምን እንደያዝኩት እንጃ። ስታየው አልደነገጠችም። ምክርም አልሰጠችኝም። ምንጣፉ ላይ ልጄ አጠገብ ቁጭ አለችና በተሰባበረ አማርኛዋ "ይሄ ምንድነው?" አለችው።

"መብራት ጠፍቶ ነው" አላት።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዳ አዘንብላ አየችው። ከዚያ ብሩሽ በእንጨቱ በኩል አስያዘችውና "እስቲ ጫር ጫር አድርጊ" አለችው። ወንዱንም ሴቱንም አንቺ ነው የምትለው፣ ልጆቹ ለምደውታል። ልጄ ጫረ። ከጥቁሩ ሥር ቢጫ ወጣ። የሻማ ነበልባል ነበር። ደግሞ ጫረ። የእናቴ ነጠላ ጥለት ወጣ። ከዚያ ቀዩ የቆርቆሮ በራችን። ከዚያ የግቢው ቧንቧ። ፒያሳ የነበረው ቤታችን ነው።

በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ከተነሡት ውስጥ እኛም ነበርን። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቱ ነው። ስለዚያ ቤት አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ ስለማያውቅ ረስቶታል ብዬ ነበር። ለካ ቤቱን ከነሰዉ ሥሎ ጨርሶ ነው መብራት ያጠፋበት። ያ ሁሉ ከሥር እንዳለ በምን አወቀች? ስለ ከለሩ አስረድታኝ ነበር፣ አልገባኝም። እኔ የማውቀው ልጄ ያን ቀን መሳቁን ነው። ቤት እስክንደርስም አፉ አልተከደነም።

እንዴት ማስተማር እንደጀመረች ጠይቄያታለሁ። በመጣች በመጀመሪያው ዓመት፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ የጎረቤት ልጅ በሯን አንኳኩቶ የአበባ ሥዕል ሰጣት። ሳንቲም እንደሚሰጥ አላወቀችም። አስገብታ ሻይ አፈላችለት። በሳምንቱ ጓደኞቹን ይዞ ተመለሰ። ያ አበባ እስከ ዛሬ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል። ይህን ስትነግረኝ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ጳጉሜን መጣች ማለት ወንድሞቼ መሬት ላይ ተደርድረው መልአክና ፀሐይ ይሥላሉ፣ እኔ ቀለም እቀባላቸዋለሁ። የእንቁጣጣሽ ዕለት እነሱ ሥዕላቸውን ያዞራሉ፣ እኔ ከጓደኞቼ ጋር አበባየሆሽ እላለሁ። አሁን በምንኖርበት ሰፈር እንዲህ የሚያደርግ ልጅ እምብዛም አላይም። ዘንድሮ ግን የእኔ ልጅ ሃያ አበባ ሥሎ ፎቁን በሙሉ አዳርሷል።

ባለፈው ወር ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ወዳለው የድንጋይ አንበሳ ወሰደቻቸው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የንግሥ በዓል የሠራው ነው። እኔ ስንት ዓመት በአጠገቡ ስመላለስ ይህን አላውቅም ነበር። ለልጆቹ "እሱም እንደኔ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው" አለቻቸው። አንዷ ልጅ የአንበሳውን ጥፍር ብቻ ስትሥል ረፋዱን ጨረሰችው። "ሌላውስ?" ያላት የለም።

የራሷ ልጆች ሀገራቸው ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ቅዳሜ ቤቱ ሲሞላ ናፍቆቷ ቀለል እንደሚላት ነግራኛለች። የምታስከፍለው ለቀለምና ለወረቀት የሚሆን ያህል ነው። እኛ ስንት ገንዘብ አፍስሰን ነበር!

እባካችሁ፣ ሥዕል የሚወድ ልጅ ካላችሁ ወደ እሷ ውሰዱት። አልችልም ብሎ የተወ ካለማ ዛሬውኑ ውሰዱት። አሮጌ ልብስ አልብሱት፣ ቀለሙ አይለቅም። ቦታ ሲገኝ አስፈቅጃት አገናኛችኋለሁ፣ በውስጥ ጻፉልኝ።

እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እህቴ። ልጄን መልሰሽልኛል። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ይህን ጽሑፍ ቅዳሜ እሱ ራሱ ያነብላታል።