ሁለቱም «ምርመራ» ናቸው፤ ሒሳባቸው ግን ለየቅል ነው፦ የጤና ኢንሹራንሳችን በካንሰር ቅድመ ምርመራ ሲመዘን

የምንኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሲሆን የጤና ኢንሹራንሳችን በባለቤቴ መሥሪያ ቤት በኩል የተገኘ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት በዋናነት የተጠቀምንበት ለካንሰር ቅድመ ምርመራ ስለሆነ፣ የምመዝነውም በዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ፣ አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች ከ40 ዓመት ጀምሮ ማሞግራምን (የጡት ራጅን)፣ ከ45 ዓመት ጀምሮ የትልቁን አንጀት ምርመራ፣ እንዲሁም የማኅፀን በር ምርመራን ያለ ኮፔይ (በየአገልግሎቱ ታካሚው የሚከፍለው ድርሻ) እና ያለ ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚከፍለው) እንዲሸፍኑ ያስገድዳል፤ ቅድመ ሁኔታው ሐኪሙም ማዕከሉም በኔትወርኩ ውስጥ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር የተዋዋሉ መሆናቸው ነው። የእኛው ኢንሹራንስ በዚህ በኩል አይታማም። የመጀመሪያውን ማሞግራም ተነሥቼ ስወጣ አንድም ሳንቲም አልተጠየቅሁም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንቱ ማዕከሉ ደውሎ በቀኝ ጡቴ ላይ በደንብ መታየት ያለበት ቦታ እንዳለ ነገረኝ፤ ሄጄ ተጨማሪ ማሞግራምና አልትራሳውንድ ተነሣሁ፤ ውጤቱ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነበር። ከወር በኋላ ግን የ412 ዶላር ቢል መጣ። ስደውል በአማርኛ አስተርጓሚ አገናኙኝ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ሴትዮዋም ትሑት ነበረች። ሆኖም ምልክት ለሌለው ሰው የሚደረገውንም፣ አጠራጣሪ ነገር ሲታይ የሚደረገውንም እኩል «ምርመራ» እያለች ስለተረጎመችልኝ፣ «ምርመራው ነፃ ነው፣ ምርመራው ግን ይከፈልበታል» የሚል እንቆቅልሽ ይዤ ስልኩን ዘጋሁ። አልፈርድባትም፤ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ቃል አንድ ነው። ለእኔ መፍትሔ የሆነኝ የመጀመሪያውን «ቅድመ ምርመራ»፣ ሁለተኛውን «የማረጋገጫ ምርመራ» ብዬ ለይቼ መጠየቄ ነው። ብሩን ግን ከፍያለሁ።

የባለቤቴ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) የተሻለ ፍጻሜ ነበረው። በምርመራው መካከል ትንሽ ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እባጭ) ተገኝቶ ተቆርጦ ወጣለት፤ ከኢንሹራንሱ የመጣው «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ወረቀትም ከ600 ዶላር በላይ ዕዳ አሳየ። ፖሊፑን ማውጣት፣ ማደንዘዣውና የፓቶሎጂ ምርመራው (የወጣው ሥጋ በላቦራቶሪ መታየቱ) የቅድመ ምርመራው አካል ሆነው ያለ ክፍያ መሸፈን ያለባቸው በመሆኑ፣ ለሐኪሙ የሒሳብ ክፍል ደወልን፤ ለካስ አገልግሎቱ የመከላከያ መሆኑን የሚያመለክተው 33 ቁጥር ለኢንሹራንሱ በተላከው የክፍያ ጥያቄ ላይ ከአገልግሎቱ ኮድ አጠገብ ሳይጻፍ ቀርቷል። ቁጥሩ ተጨምሮ ጥያቄው እንደገና ሲላክ ዕዳው በሦስት ሳምንት ውስጥ ዜሮ ሆነ። ኢንሹራንሱ እርማቱን ፈጥኖ መቀበሉን አደንቃለሁ፤ የ45 ዓመት ሰው ጤነኛ ሆኖ ኮሎኖስኮፒ ሲደረግለት ምክንያቱ ምን እንደሆነ ኢንሹራንሱ ራሱ መጠየቅ ይችል እንደነበር ግን አልደብቅም።

በአጠቃላይ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ የተቀነሰው ነጥብ በአብዛኛው የዚያ የ412 ዶላር ነው። በ2026 ከሚጀምሩ የኢንሹራንስ ዓመታት አንሥቶ ከማሞግራም በኋላ የሚታዘዝ ተጨማሪ የጡት ምስልም ያለ ክፍያ እንዲሸፈን ተወስኗል። የእኛ የኢንሹራንስ ዓመት የሚጀምረው በጃንዋሪ ሳይሆን በጁላይ 1 ስለሆነ፣ ሐኪሜን አማክሬ የሜይ መጨረሻውን ቀጠሮዬን ወደ ጁላይ ሁለተኛ ሳምንት አዛውሬዋለሁ።