በአዲስ አበባ የእጅ ሰዓት ማሠራት፦ የተገለገልኩባቸው ሁለት ቤቶች

በዘንድሮው የአገር ቤት ቆይታዬ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች መካከል የሰዓት ጥገናውን ለብቻው ለመጻፍ የመረጥኩት፣ ባትሪ የሌለው ሰዓት ያላቸው ወዳጆቼ አዲስ አበባ ማን ዘንድ እንደሚያሠሩት ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። ይዤው የሄድኩት አባቴ ጅዳ ይሠሩ በነበረበት ዘመን የገዙትን፣ ቀንና ዕለት የሚያሳይ ሴይኮ ፋይቭ ሲሆን፣ ማሽኑ 7009 የሚባለው ባለ 17 ድንጋይ (ጥርሶቹ የሚዞሩባቸው ደቃቅ ድንጋዮች ማለት ነው) ነው። ሰዓቱ ቀን በእጅ ላይ ሲውል ይሠራል፤ ማታ ከተቀመጠ ግን ሳይነጋ ይቆማል። በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ለጽዳቱ የተጠየቅሁት ዋጋ ተመሳሳይ አዲስ ሰዓት ከሚገዛበት ይበልጥ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ቦሌ አካባቢ በሚገኝ የገበያ ማዕከል ውስጥ ወዳለ ቤት ነው። መስተንግዷቸው መልካም ነው፤ ደረሰኝም ወዲያው ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ባለሙያው የጎኑን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ አዙሮ «መሙያው ተሰብሯል» ሲለኝ ጥርጣሬ ገባኝ፤ ይህ ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣም በእጅ የማይሞላ፣ ክንድ ሲንቀሳቀስ ከጀርባው በሚዞረው ክብደት ብቻ የሚሞላ ነውና። መፍትሔ ብሎ ያቀረበልኝ ማሽኑን አውጥቶ በባትሪ በሚሠራ መተካት ነበር። የባትሪ ሰዓት ለሚፈልግ ሰው አዲስ መግዛት ይቀለዋል። ባትሪ ለማስቀየርና የብረት ማሰሪያ ለማሳጠር ግን ቤቱን ያለ ሥጋት እመክራለሁ።

ሁለተኛው ሰዓት ሠሪ የፒያሳ ሰው ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የአካባቢው ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ሱቃቸውን ለቀው፣ አሁን በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ጠባብ ቦታ ተጋርተው ስለሚሠሩ፣ በድሮው ምልክት የሚፈልጋቸው ሰው ይደክማል። ሰዓቱን ለአፍታ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ክዳኑን ከፍተው በአጉሊ መነጽር ካዩ በኋላ «ልጄ፣ የተሰበረ ነገር የለውም፤ ዘይቱ ደርቋል» አሉኝ። ዘይት ሲደርቅ በጥርሶቹ መካከል ሰበቃ ይበዛል፤ የሞላው ኃይል ሌሊት እየላላ ሲሄድ በሰከንድ 6 ጊዜ መምታት ያለበትን ሚዛን (ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ የሰዓቱን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ጎማ) ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ በደንብ ከተሞላ በኋላ ሳይታሰር 40 ሰዓት ገደማ መሄድ ይችላል።

አጠገባቸው ተቀምጬ እንድመለከት መፍቀዳቸው ከሁሉ በላይ አስደስቶኛል። እያንዳንዱን ብሎን ከየት እንዳወጡት እንዲያውቁ በቅደም ተከተል እየደረደሩ ማሽኑን ፈቱት፤ ክፍሎቹን በቤንዚን አጠቡ፤ የድንጋዮቹን ቀዳዳ በተሳለ እንጨት ጠረጉ። ዘይት የሚቀቡት በቀጭን ሽቦ ጫፍ ሲሆን፣ ከባዱን ለሞላውና ዝግ ብለው ለሚዞሩት ጥርሶች፣ ቀጭኑን ደግሞ ለሚዛኑ ያደርጋሉ። ዘይት ከበዛ ወደ ጸጉር መሰሉ ሞላ ተስቦ ዙሮቹን ያጣብቅና ሰዓቱን ያስቸኩለዋል፤ ስለዚህ «በሚገባ ቅቡት» ብሎ አደራ ማለት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ገጥመው ሲጨርሱ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ቁም ነገር አለው፤ ቀኑ የሚለወጠው መርፌዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ በመሆኑ፣ በእኛ አቆጣጠር የሚጠቀም ሰው ቀኑ ንጋት ላይ እንዲዞር አድርጎ ማስተካከል ይችላል፤ በግድየለሽነት ከተስተካከለ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ይዞራል። በየትኛውም አቆጣጠር መርፌዎቹ 12ን ሊያልፉ በተቃረቡባቸውና ባለፉባቸው ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀኑን በእጅ መለወጥ የቀን መቁጠሪያውን ጥርስ ሊሰብር ይችላል።

ለሙሉ ጽዳቱ 3,000 ብር ከፍያለሁ። ከቀጠሮው ዘግይተዋል፤ ደረሰኛቸውም በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው። መለዋወጫ ቢያስፈልግ የሚያገኙት ከአሮጌ ሰዓቶች ፈትተው ስለሆነ፣ የሚገጠመው ዕቃ ከየት እንደመጣ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የሰዓቱን የውጭ ቆርቆሮ ላወልውለው ሲሉም ፈቃድ አልሰጠሁም፤ ሲፋቅ የቀደመው የጠርዙ ቅርጽ ይጠፋልና። የክዳኑን ጎማ ቢቀይሩልኝም የውኃ ግፊት መፈተሻ መሣሪያ የላቸውም፤ ስለዚህ ለዋና የሚታሰር ሰዓት ያለው ሰው ወደ እሳቸው ባይወስደው ይሻላል። የእኔው አሁን ሌሊቱን ሳይቆም ያድራል፤ በቀን ከ20 ሰከንድ ያልበለጠ ይቀድማል።