የጭነት መኪና ጂፒኤስ፦ ስልኩ ይበቃል ወይስ መሣሪያ ይገዛ?

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ዱራም ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የባቡር ድልድይ ለዓመታት የጭነት መኪና ጣሪያ ሲገሸልጥ ኖሯል። ከፍታው 3.56 ሜትር ነበር፤ በ2019 ወደ 3.76 ሜትር ከፍ ቢደረግም ግጭቱ አልቀረም። ማስጠንቀቂያው ከፊት ተሰቅሎ፣ መብራቱ እያብለጨለጨ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። ለቤት መኪና የተሠራ ካርታ ደግሞ እንዲህ ያለውን መንገድ አጭር ስለሆነ ብቻ ይመርጠዋል። ጂፒኤስ ልትገዙ ስትነሡ ከስክሪኑ ስፋት በፊት ይህን ድልድይ አስቡ።

የሳተላይቱ ምልክት ለሁሉም ነጻ ነው። 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች ለኪስ ስልክም ለውዱ መሣሪያም አንድ ዓይነት መልእክት ይልካሉ። የት እንዳላችሁ ማወቅ እንግዲህ አያለያያቸውም። የሚለያዩት ካርታው ስለ መንገዱ በሚያውቀውና ስለ መኪናችሁ በሚጠይቃችሁ ነገር ነው።

በስልክ የሚሠሩት የተለመዱት የካርታ መተግበሪያዎች፣ ጉግል ማፕስና ዌዝ፣ ስለ መኪናችሁ አይጠይቁም። ቁመቱን፣ ክብደቱን የምታስገቡበት ቦታ የላቸውም። የመንገድ መጨናነቅን በማወቅ ግን የሚደርስባቸው ጥቂት ነው። ቀላል ጭነት ይዞ በለመደው መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል፤ ስልኩ ይበቃዋል። የስልክ ጠላት ሙቀት ነው። አፕል አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንድንጠቀምበት ይመክራል፤ በቀትር ፀሐይ ከጋቢናው መስታወት ላይ የተለጠፈ ስልክ ይህን በቀላሉ ያልፋል። መጀመሪያ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ባትሪ መሙላት ያቆማል፣ በመጨረሻም ራሱን ይዘጋል፤ ያውም መገንጠያው ላይ ስትደርሱ።

በስልክ ወይም በታብሌት ላይ የሚጫኑት የከባድ መኪና መተግበሪያዎች መካከለኛው ምርጫ ናቸው። ሲጂክ ትራክና ኮፓይለት ቁመት፣ ርዝመትና ክብደት ይቀበላሉ፤ ካርታቸው አስቀድሞ ስለሚወርድ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራሉ። ክፍያቸው ግን በየጊዜው የሚታደስ ነው። ኦስምአንድም የጭነት መኪና አማራጭ አለው፤ ካርታውን የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የድልድዩን ከፍታ ማንም ካላስገባ መተግበሪያው «ክፍት ነው» ብሎ ያሳልፋችኋል። ይህ የእሱ ብቻ ችግር አይደለም፤ በጣም ውድ የሆነውም መሣሪያ ያልተመዘገበ ድልድይ አያይም።

ራሳቸውን ከቻሉት መሣሪያዎች ጋርሚን ዴዝል በአሜሪካ ኦቲአር፣ በአውሮፓ ኤልጂቪ በሚል ስያሜ ይሸጣል። መሣሪያው ቢመሳሰልም አብሮት የሚመጣው ካርታ ይለያያልና ከሌላ አህጉር የመጣውን በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትቸኩሉ። ቶምቶም ጎ ኤክስፐርት በ5፣ በ6 እና በ7 ኢንች ይገኛል። ራንድ ማክናሊ በሰሜን አሜሪካ መንገዶች ላይ ያተኮረ ስለሆነ ከዚያ ውጭ ለሚነዳ አልመክረውም። ሦስቱም ሙቀትንና መንቀጥቀጥን ከስልክ የተሻለ ይችላሉ፤ ጥሪም አያቋርጣቸውም። ጋርሚኑና ቶምቶሙ የመንገድ መጨናነቅ መረጃ የሚያገኙት ግን ብዙውን ጊዜ ከስልካችሁ ጋር ተገናኝተው ስለሆነ ከስልክ ፈጽሞ አያላቅቋችሁም።

ረጅም መንገድ፣ አዲስ መንገድ፣ ከፍ ያለ ጭነት ላለው ራሱን የቻለ መሣሪያ እመርጣለሁ። ነገር ግን ካርታው በምትነዱበት አካባቢ የከባድ መኪና ገደቦችን ካልያዘ የገዛችሁት የቤት መኪና ጂፒኤስ ነው፤ ዋጋው ብቻ የከባድ መኪና ነው። ስለዚህ ሻጩ ፊት ሞክሩት። የመኪናችሁን ቁመት አስገቡና አጭሩ መንገዱ በደንብ በምታውቁት ዝቅተኛ ድልድይ ሥር የሚያልፍ ጉዞ ጠይቁት። ከዞረ ጥሩ። በድልድዩ ሥር ከመራችሁ ወደ ካርቶኑ መልሱት።

ቁመት ሲባል የዛሬው ጭነት ቁመት ነው። መደበኛ ኮንቴይነር 2.59 ሜትር፣ ረጅሙ ደግሞ 2.90 ሜትር ነው። ወለሉ ከመሬት 1.25 ሜትር በሆነ ተሳቢ ላይ ሲጫኑ የመጀመሪያው 3.84፣ ሁለተኛው 4.15 ይሆናል። 4 ሜትር የተጻፈበት ድልድይ ለአንዱ ክፍት፣ ለሌላው ዝግ ነው። ስለዚህ የተለያዩ የመኪና መረጃዎችን አስቀምጦ በአንድ ንክኪ የሚቀያይር መሣሪያ ፈልጉ፤ በየጭነቱ ምናሌ ውስጥ መቆፈር የሚያስፈልገው ከሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም አይነካካውም። መለኪያው በሜትር ይሁን በጫማ (ፉት) አረጋግጡ።

ስክሪኑን በተመለከተ 7 ኢንች ይበቃል ባይ ነኝ። 10 ኢንቹ በሱቅ ውስጥ ያምራል፣ መንገድ ላይ ግን ከመስታወቱ ጥግ ያለውን እግረኛ ይሸፍናል፤ ማቆሚያውም ጠንካራ ካልሆነ በኮረኮንች ላይ ይወርዳል።

ከመክፈላችሁ በፊት የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ። ብዙ ከባድ መኪናዎች የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው፤ ለቤት መኪና የተሠራ ቻርጀር 12 ብቻ ሊቀበል ይችላል። «12–24» የሚል ካላያችሁ ሌላ አስመጡ፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ጭስ እንዳታሸቱ።