ስውር ቃኚን ለማስታጠቅ የትኛው የደንብ መጽሐፍ ይሻላል? የአምስት የሚና ጨዋታዎች ንጽጽር

ጭስ ካለ ምድጃ አለ፤ ምድጃ ካለ ሰው አለ። ዓለም ከፈራረሰች በኋላ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች (ተጫዋቾች የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው ታሪኩን በጋራ የሚያራምዱባቸው የጠረጴዛ ጨዋታዎች) ውስጥ አንድ ቡድን ከኮረብታ ላይ ሆኖ ከጥፋት የተረፉ ሰዎች የሰፈሩበትን መንደር ሲያይ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ መሣሪያ አቀባብሎ መግባት ነው። ሌላው አንድ ወይም ሁለት ሰው ማንነታቸውን ሸሽገው እንዲገቡ መላክ ነው፤ የሚያዘው ማን እንደሆነ፣ ጎተራው ምን ያህል እንደሞላ፣ የጉድጓዱ ውኃ የሚጠጣ መሆን አለመሆኑን፣ ስንት ጠመንጃ እንዳለ አይተው ይመለሳሉ፤ ስውር ቃኚ የምለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። የመጀመሪያው ምርጫ በአንድ ምሽት ዳይስ (ዕድልን የሚወስን ባለ ቁጥር መወርወሪያ) ተወርውሮ ያልቃል። ሁለተኛው ለወራት የሚዘልቅ ጨዋታ ይወልዳል፤ በአጥሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስምና ቂም፣ ርኅራኄና ምሥጢር ይኖራቸዋልና።

ይህ ንጽጽር ሁለተኛውን መንገድ መርጠው ገንዘባቸውን በየትኛው መጽሐፍ ላይ እንደሚያወጡ ለሚያመነቱ ነው። መመዘኛዬ አንድ ነው፦ በር ላይ የቆመው ዘበኛ «ቦርሳህን ፍታ» ሲል ምን ይፈጠራል? በዚህ ዓይነት ጨዋታ የዕቃ ዋጋ በሚያደርሰው ጉዳት አይለካም፤ ስለ ተሸካሚው በሚናገረው ነገር ነው የሚለካው። ዕቃው እንዲናገር የሚፈቅድ ደንብ ለእኛ ይሆናል። ዕቃውን ቁጥር ብቻ የሚያደርግ ደንብ ግን ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሥራ አይሆንም። የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትዋይላይት 2000

መጀመሪያ የታተመው በ1984 በአሜሪካ ነው። ዛሬ ገዢ የሚያገኘው አራተኛው እትም በስዊድኑ አሳታሚ ፍሪ ሊግ በ2021 የወጣው ነው። ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ተካሂዶ ሠራዊቶቹ ተበትነዋል፤ ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ከአገራቸው ርቀው ፖላንድ ወይም ስዊድን ውስጥ ያለ አለቃ የቀሩ ወታደሮች ናቸው።

ከአምስቱ ውስጥ ዕቃን በስሙ ጠርቶ የሚያስቆጥር ይህ ነው። ጥቅሙን በምሳሌ ላሳይ። አንድ አሜሪካዊ ወታደር ስደተኛ መስሎ ወደ ፖላንድ መንደር ሊገባ ነው እንበል። ካፖርት ከተተወ ቤት ያገኛል፤ ጢሙን ያሳድጋል፤ እጁን ጭቃ ያስነካል። የያዘው ጠመንጃ ግን ኤም 16 ነው፤ ጥይቱ 5.56 ሚሊ ሜትር የኔቶ ጥይት። በአካባቢው ያለው መሣሪያ ደግሞ የክላሽንኮቭ ዘር ነው፦ 7.62 በ39 የሚጎርሰው ኤኬኤም፣ 5.45 በ39 የሚጎርሰው ኤኬ 74። ጠመንጃውን ለጓደኞቹ ትቶ ቢሄድም፣ በካፖርቱ ኪስ ጥግ የቀረች አንዲት የ5.56 ጥይት ያዘጋጀውን ታሪክ ሁሉ ታፈርሰዋለች። ኤኬኤም ይዞ ቢሄድስ? ያኔም ዘበኛው ስደተኛ ነኝ የሚል ሰው ጠመንጃውን ከየት እንዳመጣው ይጠይቃል። ስለዚህ የተሻለው ቢላዋ፣ መጥረቢያና አንድ ጠርሙስ አልኮል ይዞ መሄድ ነው።

አልኮሉ የመጠጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚህ ጨዋታ ዓለም ቤንዚን ስላለቀ ተሽከርካሪዎች የሚንቀሳቀሱት ተጣርቶ በሚወጣ አልኮል ነው። ቁስልም ይታጠብበታል። ስለዚህ አረቄ ማውጣት የሚያውቅ ቃኚ፣ ከነጋዴም ከመነኩሴም ይበልጥ በየመንደሩ በር ይከፈትለታል። ማሰሮውንና ቧንቧውን ለመትከል ሲል ደግሞ የማገዶውን ክምር፣ የእህሉን መጠንና የውኃውን ምንጭ በባለቤቶቹ ፈቃድ ያያል። ተጫዋች ይህን በራሱ አስቦ ሲደርስበት የሚሰማው ደስታ ጠላት በመጣል ከሚገኘው ይበልጣል።

ደንቡም ያግዛል። ቀኑ በአራት ክፍል ይከፈላል፣ ካርታው እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ሜትር በሆኑ ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ተከፋፍሏል፣ የሸክም ገደብ አለ። ቃኚው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ጓደኞቹ በየት ቦታ እንደሚጠብቁት፣ ምን ያህል ስንቅ እንደሚበቃው ማስላት ይቻላል። ከ12ቱ ክህሎቶች መካከል ቅኝትና ማሳመን ራሳቸውን ችለው ተቀምጠዋል።

ጉድለቱን አልደብቅም። የመጽሐፉ ልብ ውጊያ ላይ ነው። ስለ መሣሪያ ገጽ በገጽ እያተተ፣ በር ላይ የሚደረገውን ንግግር በአንድ የማሳመን ውርወራ ያልፈዋል። የጨዋታው መሪ (ታሪኩን የሚመራውና የመንደሩን ሰዎች የሚጫወተው ሰው) ያን ትዕይንት በራሱ ጥረት ካላሰፋው ከላይ የጻፍኩት ሁሉ በደቂቃ ያልቃል።

ሚውታንት፦ ዪር ዚሮ

ይህም የፍሪ ሊግ ሥራ ነው፤ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2014 ነው። ተጫዋቾቹ አካላቸው ከተለወጠ ትውልድ የተገኙ ናቸው፤ «ታቦት» ብለው በሚጠሩት መጠለያ ኖረው፣ ምግብና የጥንት ዕቃ ፍለጋ ወደ ተበከለው ምድር ይወጣሉ።

እዚህ ገንዘቡ ጥይት ነው። ይህች አንዲት ደንብ የቃኚውን ስንቅ ትርጉም ትለውጠዋለች። ነጋዴ ለመምሰል ብዙ ጥይት የያዘ ቃኚ ለዘራፊ የተዘጋጀ ሲሳይ ነው፤ ምንም ያልያዘ ደግሞ ለማኝ ተብሎ ከበር ይመለሳል። በሽሽት ላይ ሲተኩስም የሚተኩሰው የራሱን ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ጥንካሬ የዕቃ ዕድሜ ነው። ማንኛውም ዕቃ ለባለቤቱ ተጨማሪ ዳይስ ይሰጣል። ተጫዋቹ ባገኘው ውጤት ሳይረካ ዳይሱን ደግሞ ከወረወረና በዕቃው ዳይስ ላይ ቁጥር 1 ከወጣ ግን ዕቃው ይጎዳል፣ አቅሙም ይቀንሳል። አጥር ሥር ተደብቆ በሩቅ ማያ መነጽሩ አጥብቆ የሚያይ ቃኚ መረጃውን አግኝቶ መነጽሩን ሊያጣ ይችላል። ቅኝት ዋጋ አለው የሚለውን ነገር በቃል ሳይሆን በእጅ የሚያስጨብጥ ደንብ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ልታስቡበት የሚገባው ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ለመደበቅ አለመመቸታቸው ነው። ገላው እንደ ነፍሳት የጠነከረ ሰው ተራ መንገደኛ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ኮፍያ ያለው ረጅም ካባ፣ የፊት መሸፈኛና «በሽታ አለብኝ፣ አትቅረቡኝ» የሚል ታሪክ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ያስፈልጉታል።

አፖካሊፕስ ወርልድ

ቪንሰንትና ሜጌይ ቤከር የሠሩት፣ በ2010 የወጣና በ2016 ሁለተኛ እትም ያገኘ ጨዋታ ነው። ዕቃ መቁጠር የሚወድ ሰው እዚህ ያዝናል። የክብደት ሠንጠረዥ የለም፤ ዋጋ የሚተመነው «ልዋጭ» በሚባል ጥቅል መለኪያ ነው። ዕቃን የሚገልጹት ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ለምሳሌ አንድ ጠመንጃ «የሚጮኽ» ተብሎ ከተጻፈ ድምፁ በሚደርስበት ሁሉ ያለ ሰው ይሰማዋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቃኚው አጥሩን ካለፈ በኋላ የሚያስፈልገውን ደንብ ከዚህ አስበልጦ የሠራ የለም። ተጫዋቹ ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ወርውሮ ችሎታውን ይደምራል፤ 10 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ ስለ ሁኔታው ሦስት ጥያቄ፣ ከ7 እስከ 9 ካመጣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ በዝርዝር ተቀምጠዋል፦ እዚህ የሚያዘው ማን ነው? ትልቁ አደጋ የቱ ነው? በየት ላመልጥ እችላለሁ? ሰውን በማንበብም እንዲሁ፦ እውነት እየተናገረ ነው? ምን ሊያደርግ አስቧል? የጨዋታ መሪው በሐቅ ይመልሳል። የቃኚነት ሥራ ማለት ይኸው አይደለም?

መጽሐፉ ለዐዋቂዎች የተጻፈ ነው፤ ስለ ወሲብ የሚናገሩ ደንቦችም አሉት። ልጆች ያሉበት ቡድን ሌላ ይምረጥ።

ፎልአውትና ዘ ሞሮ ፕሮጀክት

ፎልአውትን በኮምፒውተር የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። የጠረጴዛ ላይ እትሙን የእንግሊዙ ሞዲፊየስ በ2021 አውጥቶታል፤ ታሪኩ በ2287 በቦስተን ዙሪያ ይካሄዳል፣ ገንዘቡም የጠርሙስ ቆርኪ ነው። የዕቃ ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ለሽፋን ሥራ (ማንነትን ለመሸሸግ) ግን ደንቡ ብዙ አያስብም። አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ከምድር በታች ካለው መጠለያ የወጣ ሰው ሰማያዊ ልብሱና ክንዱ ላይ ያለው ኮምፒውተር ከሩቅ ያጋልጡታል። ዓለሙን ለሚወዱ ይሁን፤ ለቃኚ ብላችሁ ግን አትግዙት።

ዘ ሞሮ ፕሮጀክት በ1980 የወጣ አንጋፋ ነው፤ ከርዕሳችን ጋር በሐሳብ የሚቀራረበውም እሱ ነው። ተጫዋቾቹ ከጦርነቱ በፊት በበረዶ እንቅልፍ ተኝተው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነቅተው አገር እንዲያቋቁሙ የተዘጋጁ ቡድኖች ናቸው። ዕቅዱ ተበላሽቶ የሚነቁት ከ150 ዓመት በኋላ ነው። ከቡድኖቹ አንዱ ዓይነት ሥራው ቅኝት ብቻ ነው። የሚገርመው ፈተናቸው ድህነት ሳይሆን ሀብት መሆኑ ነው። ያላቸው ሁሉ አዲስና ከፋብሪካ የወጣ ነው። ለስድስት ትውልድ ያህል ቆዳ እየሰፋ ጫማ የሠራ መንደር ፊት ዚፕ ያለው ልብስ ለብሶ፣ ሳሙና እየሸተተ፣ ጥርሱ ሁሉ ሙሉ ሆኖ የሚመጣ እንግዳ ምን ብሎ ያሳምናል? እነዚህን ቃኚዎች ማስታጠቅ ማለት ዕቃ ማስጣል ነው። የጥንቱ ደንብ ግን የጥይትን ኃይል በማስላት ላይ የተጠመደና ከባድ ስለሆነ፣ ሐሳቡን ወስዶ በሌላ ደንብ መጫወት ይሻላል።

ነጋዴ፣ ሐኪም ወይስ ጠጋኝ?

የትኛውንም መጽሐፍ ብትገዙ የሽፋኑ ሥራ የዕቃውን ዝርዝር ይወስናል። ሲራራ ነጋዴ ጥያቄ ማብዛቱ አያስጠረጥረውም፤ «ምን ጎደላችሁ? ምን ተረፋችሁ?» ማለት ሥራው ነው። መርፌ፣ ክር፣ ጨው፣ የንባብ መነጽር ይያዝ፤ ቀላልና በሁሉም ቦታ የሚፈለጉ ናቸው። አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር ላደገ ተጫዋች የጨውን ዋጋ ማስረዳት አያስፈልግም። ችግሩ ነጋዴ ይፈተሻል፣ ይዘረፋልም።

ሐኪም እያንዳንዱ ቤት ይገባል። ቁስሉ የጥይት ይሁን የረኃብ፣ ስንት ወጣት እንዳለና ስንቱ እንደተቀበረ ያውቃል። ነገር ግን መንደሩ በቀላሉ አይለቀውም፤ በእጁ ሰው ከሞተ ደግሞ የከፋ ነው። ቦርሳው ውስጥ የተቀቀለ ጨርቅ፣ መርፌ፣ አልኮልና የደረቀ ቅጠል ይኑር። የፋብሪካ ስምና ቀን የታተመበት የመድኃኒት ማሸጊያ ግን በጭራሽ።

እኔ የማስቀድመው ጠጋኙን ነው። ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሞረድ፣ ጥቅል ሽቦና ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ የያዘ ሰው የሚወሰደው በቀጥታ ወደ ተበላሸው ነገር ነው። የተበላሸው ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የውኃው ፓምፕ፣ ጄነሬተሩ ወይም ሬዲዮው፣ ማለትም የመንደሩ ዋና የደም ሥር ነው። መሣሪያዎቹ ያረጁና እጀታቸው በእጅ የተሻሸ ይሁኑ፤ ተጫዋቹም እያንዳንዱን ከማን እንዳገኘ መናገር ይቻለው። የሚከብዱ መሆናቸው በትዋይላይት 2000 የሸክም ደንብ ይሰማል፣ በአፖካሊፕስ ወርልድ ግን አይሰማም።

ምልክት የተደረገበት ካርታ፣ የመገናኛ ሬዲዮና የእጅ ሰዓት የትኛውም ቃኚ ይዞ አይግባ። ሰዓቱን ማውለቅ ብቻውን አይበቃም፤ በክንድ ላይ የሚተወው ነጭ ምልክት ፀሐይ እስኪያጠቁረው ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። የጨዋታ መሪዎች ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ለሚያደርግ ተጫዋች ውርወራውን አቅልሉለት።

ግዢውን በተመለከተ

በአማርኛ የታተመ የለም፤ ከቡድኑ ቢያንስ አንድ ሰው እንግሊዝኛውን አንብቦ ማስረዳት ይኖርበታል። የፒዲኤፍ ቅጂው ከታተመው ይረክሳል፣ የፖስታና የቀረጥ ጣጣም የለውም። የትዋይላይት 2000 ሳጥን ካርታዎች፣ ካርዶችና ዳይስ ስላለው አቅሙ ላለው ሳጥኑን እመክራለሁ። ፒዲኤፍ የሚገዛ ካርታውን በትልቅ ወረቀት ያሳትም፤ ባለ 8፣ ባለ 10 እና ባለ 12 ገጽ ዳይስም ለብቻ ይፈልግ። ለሚውታንት ልዩ ምልክት ያለው ዳይስ ይሸጣል፤ ሦስት ቀለም ያላቸው ተራ ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ግን ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ለሚገዛና ልምድ ያለው መሪ ላለው ቡድን ትዋይላይት 2000ን እላለሁ። የአፖካሊፕስ ወርልድ የገጸ ባሕርይና የደንብ ማጠቃለያ ወረቀቶች በነፃ የሚወርዱ ስለሆኑ፣ የጥያቄዎቹን ዝርዝር ከዚያ ወስዶ ቅኝት የሚለው ክህሎት በተሳካ ቁጥር መጠቀም ይቻላል፤ ከላይ ያነሳሁት ጉድለት በዚህ ይሞላል። ጀማሪዎች ግን በሚውታንት ይጀምሩ። ደንቡ ቀላል ነው፣ ዳይሱም አንድ ዓይነት ነው፤ ቃኚው ይዞት የሚመለሰው ምግብና ዕውቀት መጠለያውን ሲያሳድገው ስለሚታይ፣ ወደዚያ አጥር ለምን እንደገባ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።