ሲቪላይዜሽን 6 ወይስ 7? ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን ከጓደኞቼ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ሲቪላይዜሽን የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ልገዛ ነው፤ አዲሱን ልውሰድ ወይስ የቀድሞውን?» ሳልሸፋፍን ልመልስ። ስድስተኛውን ግዙ። ሰባተኛው ይቆያችሁ።

ከዋጋው ልጀምር። ሰባተኛው በየካቲት 2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሲወጣ ተራው ቅጂ 70 ዶላር ነበር። ዴሉክሱ 100፣ ከሁሉም ውዱ ደግሞ 130 ዶላር። ዶላሩን በ150 ብር እንኳ ብናሰላው ተራው ቅጂ ብቻ 10,500 ብር ነው። ይሄም አልበቃ ብሎ፣ ጌሙ ወር ሳይሞላው ተጨማሪ ሥልጣኔዎች (ይዛችሁ የምትጫወቷቸው ሕዝቦች) ለብቻቸው መሸጥ ጀመሩ። ከነሱ አንዷ ታላቋ ብሪታንያ ናት። ስለ ዓለም ታሪክ የተሠራ ጌም ያን ሁሉ ተከፍሎበት ብሪታንያ አልነበረችበትም። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ስድስተኛው በ2016 በ60 ዶላር ነበር የወጣው። አሁን ግን ስቲም ላይ (ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ነው) ቅናሽ ሲኖር ዘጠና በመቶ ይቀነስለታል። 6 ዶላር ማለት ነው፤ በዚያው ስሌት 900 ብር። በሰባተኛው ዋጋ ስድስተኛውን ለራሳችሁና ለአሥር ጓደኞቻችሁ ትገዙበታላችሁ። ስለዚህ በሙሉ ዋጋው በፍጹም አትግዙት። ትልልቆቹ ቅናሾች በሰኔ መጨረሻና በታኅሣሥ፣ ለፈረንጆቹ ገና ሰሞን ይመጣሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። በ6 ዶላሩ ቅጂ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። «ፕላቲነም» የሚለውን ጥቅል ብትገዙም የለችም፤ ሁለቱ ትልልቅ ማስፋፊያዎች አሉበት፣ ኢትዮጵያን የሚመሩት አፄ ምኒልክ ግን የሉበትም። ኢትዮጵያ የተጨመረችው ዘግይታ፣ በሐምሌ 2020 ነው። እሷን የያዘው ጥቅል «አንቶሎጂ» ይባላል። ካልሆነ ደግሞ መሠረቱን በቅናሽ ገዝቶ የኢትዮጵያን ፓክ ለብቻ መጨመር ይቻላል። እጃችሁ ላይ ያለው ገንዘብ ትንሽ ከሆነ እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ማስፋፊያዎቹ ለሚቀጥለው ቅናሽ ይደርሳሉ።

ለምን ኢትዮጵያ ላይ እንዲህ እንደምጸና ተጫውታችሁ እዩት። አፄ ምኒልክ በአማርኛ ያናግሯችኋል። ከተሞቻችሁን ኮረብታ ላይ ስትቆረቁሩ፣ ከምትሰበስቡት እምነት (ጌሙ ውስጥ እንደ ነጥብ የሚጠራቀም ነው) ላይ ተሰልቶ ሳይንስና ባህል ይጨመርላችኋል። ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ትሠራላችሁ፤ ዙሪያው ተራራና ኮረብታ በበዛ ቁጥር የሚሰጠው እምነት ይጨምራል። የኦሮሞ ፈረሰኛ ሌላው ሠራዊት የሚንፏቀቅበትን ዳገት ሳይዘገይ ይወጣል። ሠራዊታችሁም ኮረብታ ላይ ሲዋጋ ይበረታል። ከእናንተ የገዘፈ ጠላት ሲመጣባችሁ ሜዳ ላይ አትግጠሙት። ወደ ኮረብታችሁ እስኪወጣ ጠብቁትና እዚያው ያዙት። ደጋ የሚያውቅ ሰው እንደሠራው ያስታውቃል።

ይሄ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። አራተኛው ሲቪላይዜሽን በ2007 ማስፋፊያው አፄ ዘርዓ ያዕቆብን አመጣ። አምስተኛው በ2012 አፄ ኃይለ ሥላሴን፣ «ዐድዋ መንፈስ» ከሚባል ልዩ ችሎታና መሐል ሰፋሪ ከሚባል ልዩ ሠራዊት ጋር። ስድስተኛው አፄ ምኒልክን። በሰባተኛውስ? አክሱም አለች፤ ሐውልቷም አለ። አንድም ኢትዮጵያዊ መሪ ግን ሲወጣ አልነበረበትም።

ከዚያ የባሰው ደግሞ ይከተላል። ሰባተኛው ጨዋታውን በሦስት ዘመን ይከፍለዋል። ሲወጣ በነበረው አሠራር አንዱ ዘመን ሲያልቅ ሥልጣኔያችሁም አብሮ ያልቅ ነበር፤ ለቀጣዩ ሌላ ትመርጡ ነበር። ወንድሜ ከቨርጂኒያ ሲመጣ በሱ ላፕቶፕ አክሱምን ይዤ ተጫውቼበታለሁ። ንግዱ ደርቶ፣ መርከቦቼ ባሕሩን ሞልተውት ሳለ ዘመኑ አለቀ። ጦርነቱ በመሀል ተቆረጠ። ከዋና ከተማዬ በቀር ከተሞቼ ወደ ትንንሽ መንደርነት ወረዱ። ቀጥሎ ምረጥ ከተባልኳቸው ውስጥ ዛጉዌ የለም፣ ጎንደር የለም፣ ኢትዮጵያ የምትባል የለችም። ከአክሱም ወደ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ወደ ጎንደር የሚሄድ ታሪክ ላለው ሕዝብ ይሄ አሠራር ምንም ስሜት አይሰጥም። አንድን ሕዝብ ከድንጋይ መሣሪያ ዘመን እስከ ሮኬት ማድረስ ከ1991 ጀምሮ የዚህ ጌም ነፍስ ነበር። ጌሙን የሚሠራው ስቱዲዮ ራሱ የቆየ ደንብ አለው፦ ሲሶው እንዳለ ይቀጥል፣ ሲሶው ይሻሻል፣ ሲሶው አዲስ ይሁን። ሰባተኛው ላይ አዲሱ ሲሶ ነፍሱን ነካው።

ጥሩ ነገር የለውም ማለቴ አይደለም። መርከብ የሚሄድባቸው ትልልቅ ወንዞች ያምራሉ። ሠራዊቱን በአንድ አዛዥ ሥር ሰብስቦ ማንቀሳቀስም ትልቅ እረፍት ነው። በኋላ በመጡ ማሻሻያዎችም የዘመን ሽግግሩ ለዘብ ብሏል። ግን ይሄ ሁሉ 10,500 ብር አያስወጣም።

አሁን ወደ ሕገ ወጥ ቅጂዎቹ። ክራኩን (ሳይገዛ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረውን ጌም) በፍላሽ በርካሽ የሚጭኑላችሁ ቤቶች ሞልተዋል። እኔ ያየኋቸው ክራኮች አንድ ዓይነት በሽታ አላቸው፦ ጨዋታው ረዝሞ ሲጣፍጥ ይዘጋል፣ የተቀመጠውም ፋይል አይከፈትም። ከጓደኛ ጋር በኢንተርኔት መጫወት አይታሰብም። ፍላሹ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ከክራክ የባሰው በቴሌግራም የሚሸጥ አካውንት ነው። አንድ ጓደኛዬ «ሙሉ ጌም ያለው ስቲም አካውንት» ብለውት 2,500 ብር ከፈለ። ለጥቂት ሳምንታት ሠራ። ከዚያ የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፣ ሻጩም ብሎክ አደረገው። ያው አካውንት ለስንት ሰው እንደተሸጠ ማን ያውቃል። ርካሽ ኮድ የሚሸጡትም ላይ ተጠንቀቁ፤ በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ኮድ ከሆነ ስቲም በኋላ ጌሙን ከአካውንታችሁ ያነሳዋል። ደኅናው መንገድ ሁለት ነው። ወይ ውጭ ያለ ዘመድ በቀጥታ በስጦታ ይላክላችሁ፣ ወይ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ካላችሁ ራሳችሁ ግዙ። ገዝታችሁ ስታወርዱ ከ20 ጊጋ በላይ ስለሆነ የሌሊት ፓኬጅ ያዋጣል።

ላፕቶፕ ላይም አንድ ነገር ልበል። አብዛኞቻችን ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ነው የያዝነው። ስድስተኛው እዚያ ላይ ይሄዳል። ሰባተኛው ግን ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ዝቅተኛው መስፈርት ራሱ ጂቲኤክስ 1050 ነው። ስድስተኛውም ቢሆን ዓለሙ ሲሞላ ማሽኑን ያግለዋል። የኔ ፋን ሲጮህ አንድ ጥገና ቤት «ኦርጅናል» ብለው የቀየሩልኝ ፋን ከቀድሞው የባሰ ጮኸ። ሌላ ባለሙያ ሲከፍተው ፋኑ ኮፒ ሆኖ ተገኘ፤ ቴርማል ፔስቱም (ሙቀት እንዲወጣ የሚቀባው ቅባት) ሳይቀየር እንደደረቀ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ሲሠሩት አጠገባቸው ቁሙ። ፔስቱ በዓይናችሁ ፊት ይቀባ። ጌሙ ውስጥ ደግሞ ካርታውን ጠፍጣፋ የሚያደርግ «ስትራቴጂክ ቪው» የሚባል አለ። ጨዋታው ሲከብድ እሱን ክፈቱ፤ ማሽኑ ይተነፍሳል።

ስምንተኛው ሲመጣ ምኞቴ ብዙ አይደለም። በአንድ ሥልጣኔ ጀምሬ በዚያው ልጨርስ። ኢትዮጵያ ከመሪዋ ጋር ትግባ፤ እቴጌ ጣይቱን ቢያመጡልን ደግሞ ደስታዬን አልችለውም። ዘመን መቀየር ካለበት እንኳ አክሱም ዛጉዌ ትሁን፣ ዛጉዌም ጎንደር። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ዋጋ ከተጠየቀ ሙሉ ጌም ይሰጠን። ሰባተኛውን በተመለከተ የኔ ልክ 20 ዶላር ነው፤ ያውም ከነተጨማሪዎቹ። እዚያ ከወረደ መልሳችሁ ጠይቁኝ።