የመኪና ጌም መሪ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ካርቶኑን አንብቡ

እኔ በማውቃቸው የጅማ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ወረፋው ለኳስ ነው። መሪ ይዞ የሚነዳ ብዙም አላየሁም። ስለዚህ ሞክሮ መግዛት የሚባል ነገር የለም። ወይ ከአዲስ አበባ ታስመጣላችሁ፣ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ትለምናላችሁ። ከተሳሳታችሁ ለመመለስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ።

እኔ ተሳስቻለሁ። ለፕሌይስቴሽን 3 የተሠራ መሪ «በሁሉም ይሠራል» ተብዬ ገዛሁ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ስሰካው ጭራሽ አላወቀውም። ለየትኛው ማጫወቻ እንደተሠራ መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ ማንበብ ነበረብኝ። አሁን የወንድሜ ልጅ ሶፋ ላይ ሆኖ ሚኒባስ ሚኒባስ ይጫወትበታል።

የሎጂቴክ ኩባንያ መሪዎች ጂ29 እና ጂ920 መንታ ናቸው፤ ሁለቱም በ2015 እ.ኤ.አ. ወጡ። ጂ29 ለፕሌይስቴሽን ነው፤ 5ኛው ላይም ይሠራል። ጂ920 ኤክስቦክስ ለሚባለው የማይክሮሶፍት ጌም ማጫወቻ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ሁለቱም ይሠራሉ። ውስጣቸው ሁለት ሞተር አለ። መኪናው ሲንሸራተት መሪው እጃችሁ ላይ ይታገላል። 900 ዲግሪ ይዞራሉ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ዙር ተኩል መሆኑ ነው። ፔዳሉ ሦስት ነው፤ ፍሪሲዮን አለው። የማርሽ ዘንጉ ለብቻው ይሸጣል። ችግሩ ውስጡ ያለው የሞተሩ ጥርስ ይንኳኳል፤ ማታ ማታ ግድግዳ ለሚጋራ ጎረቤት አይመችም። ፍሬኑም ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ቀን የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ትረስትማስተር ቲ128 ከጥርስ ጋር ቺንጋ ስላለው ድምፁ ለስለስ ይላል። እሱም 900 ዲግሪ ይዞራል፤ የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ እየተባለ ለየብቻ ይመጣል። ፔዳሉ ግን ሁለት ብቻ ነው። ፍሪሲዮን መልመድ ለሚፈልግ አይሆንም።

ሆሪ አፔክስ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይታገልም። 270 ዲግሪ፣ አንድ ሙሉ ዙር እንኳ አይሞላም። ለልጅ ይበቃል። ለራሳችሁ ከሆነ ግን በአዲስ ሆሪ ፋንታ ያገለገለ ጂ29 ፈልጉ ባይ ነኝ።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ ይሰካው። ጤነኛ ከሆነ መሪው ራሱን ለማስተካከል ወደ ግራና ቀኝ በራሱ ይዞራል። ዝም ካለ ሞተሩ ወይም አዳፕተሩ ችግር አለበት፤ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ። ሲዞር ደግሞ እጃችሁን አንሱ፤ ጣት ይመታል።

ሌላው ወጪ ጠረጴዛ ነው። መሪው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነው የሚታሰረው፤ የሳሎኑ ቀጭን ጠረጴዛ አይችለውም። በዚህ የጅማ ሰው ዕድለኛ ነው። በርጩማ የሚጠርብ እጅ ባለበት ከተማ ለመቆሚያ ባሕር ማዶ መጻፍ ነውር ነው። እኔ ከወፍራም ጣውላ አሠራሁ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ እንዳይሸሽ ከኋላው መደገፊያ ተጨመረለት። አናጺው ለክቶ ሲጨርስ ቀና ብሎ «መንጃ ፈቃዱስ አለህ?» አለኝ።